ለንግድ ሬዲዮ አቅራቢነት የሚያመለክት ሰው ምን ዓይነት የድምፅ ናሙና ያቅርብ?

በንግድ ሬዲዮ የምትሠሩ ባለሙያዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በአቅራቢነት ለመቀጠር ባመለከትኩባቸው ጣቢያዎች ሁሉ፣ የድምፅ ናሙናዬን ከመስማታቸው በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ ስንት ተከታይ እንዳለኝ ይጠይቁኛል፤ የተከታይ ብዛት ማይክሮፎን ፊት የሚያስፈልገውን ችሎታ ይመዝናል ብዬ ፈጽሞ አላምንም። ሥራው ራሱም ጠቧል፦ ዘፈኖቹን የሚደረድረው ሶፍትዌር ነው፣ የአቅራቢው ንግግር አስቀድሞ ተቀድቶ በመካከላቸው ይገባል፣ አንድ ድምፅም በብዙ ጣቢያዎች ስለሚሰማ ጀማሪዎች ሙያውን የሚለማመዱበት የሌሊት ፈረቃ እየጠፋ ነው። አድማጭ ሐዘኑን ሊያካፍል ሲደውል ወይም ሰበር ዜና ሲመጣ ግን የተቀዳ ድምፅ መልስ አይሰጥም። ሠራተኛ የምትመርጡ ኃላፊዎች፣ ናሙናዬ ከአድማጭ ጋር የተደረገ የቀጥታ ውይይት ቢይዝ ይሻላል ወይስ በዘፈኖች መካከል የሚነገሩ አጫጭር ንግግሮችን? ብዙ ተከታይ የሌለው አመልካችስ ናሙናው እንዲደመጥለት ለማን ቢልክ ይበጃል?