አምስት ባህል በአንድ መድረክ፦ ሙዚቀኞቹን እንዴት እናሰልፍ?

የኮሚቴዋ ጸሐፊ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የማኅበራችን የባህል ቀን እየደረሰ ነው። የሙዚቃው ፕሮግራም ደግሞ ዞሮ ዞሮ እኔ ጫንቃ ላይ ወድቋል። እሺ ያሉን እነዚህ ናቸው፦ አንድ ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች፣ በገና የሚደረድሩ አንድ አባባ፣ የዶርዜ ዘፋኞች፣ እና ከደራሼ የሚመጡ የፊላ፣ ማለትም የቀርከሃ ትንፋሽ መሣሪያ፣ ነፊዎች።

የኮሚቴው ሐሳብ ቀላል ነው። ለሁሉም እኩል አሥር አሥር ደቂቃ ይሰጥ፣ ሁሉም በየተራው መድረክ ላይ ወጥቶ ይውረድ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ዘፈን ይጫወቱ። ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

አምና በገናው ከእስክስታው ቀጥሎ ገባ። ሕዝቡ ገና ከጭፈራው አልበረደም፤ ግማሹ ቆሞ ያወራል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ይባስ ብሎ የሳውንዱ ልጅ በገናው ሲነዝር ሰምቶ ኬብሉ ተበላሽቷል አለና መሐል ላይ ወጥቶ ሶኬት ይነቃቅል ጀመር። አባባ ድርደራቸውን አቁመው ጠበቁት። ምንም አላሉም። እኔ ነኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩት።

እና ማን ይቅደም? የጋራ ዘፈኑስ ይሆናል ወይ? ሌላው ደግሞ፣ መኪናው ስለማይበቃ ለፊላዎቹ «አምስት ሰው ብቻ ይምጣ» ለማለት ታስቧል። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከመጻፌ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ጨዋታ አድማቂ፦

ምን አስጨነቀሽ? ሁሉንም አጠር አጠር አድርገሽ በዲጄ ዝጊው። ሕዝቡ የሚፈልገው መጨፈር ነው።

ሳውንድ ማን፦

እህቴ፣ የዲጄውን ምክር እለፊው። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ደብዳቤው ሳይወጣ ይድረስልሽ።

አምስት ሰው ብቻ እንዳትዪ። ፊላ ላይ እያንዳንዱ ነፊ የያዘው አንድ ወይም ጥቂት ድምፅ ነው። ዜማው የሚወጣው በመቀባበል ነው፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይተዋል፣ እሱ ሲተው ያኛው ይገባል። ሰው ስትቀንሺ ዜማው ራሱ ይሸረፋል። ከፊደል ገበታ ላይ ግማሹን ቀድደሽ አንብቡ እንደማለት ነው። የቤኒሻንጉል በርታዎች ከቅል የሚሠሩት መለከት ዋዛም፣ እምቢልታም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ እንኳ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው የሚነፉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ቡድኑን ጠይቂና መኪናውን በዚያ ልክ ፈልጊ። ገንዘብ ካጠረ የመድረኩ ጌጥ ይቀነስ። ባነር ፊላ አይነፋም።

ሲመጡም መድረክ ላይ አታውጪያቸው። ክብ ሠርተው እየጨፈሩ ነው የሚነፉት። ማይክ ፊት በመስመር ብታሰልፊያቸው መደማመጥ ያቅታቸዋል፤ ካልተደማመጡ ደግሞ መቀባበሉ ይፈርሳል። ሜዳው ላይ ይዙሩ፣ ሕዝቡ ይክበባቸው። ሜዳው ሰፊ ከሆነ ሁለት ኮንደንሰር ማይክ (ከራቅ ያለ ድምፅም የሚይዝ) በረጅም ስታንድ ከፍ አድርጎ መስቀል ይበቃል።

አሁን ወደ በገናው። የዚያ ልጅ ነገር አናዶኛል፣ ግን ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ባለሙያ እዚያ ላይ ይሳሳታል። በገና ንዝረቱ ተፈጥሮው ነው። አሥሩ አውታር ከታች በሚያርፉበት ቦታ እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካካ ነው ያ ድምፅ የሚመጣው። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እንዝራዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ፈቀቅ፣ መለስ ሲያደርግ ታያለሽ። ንዝረቱን እያስተካከለ ነው፤ አታጣድፉት። በኢኮላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በሚያስተካክለው) «ላጽዳው» የሚል ከመጣ አስቁሚው። አንድ ማይክ ለሣጥኑ፣ አንድ ለአፋቸው፣ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) አይጨመር፣ ሌላው ማይክ ሁሉ ይዘጋ።

ተራውን በተመለከተ በገናው መጀመሪያ ይሁን። ሕዝቡ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ ከንግግሩ ግን በፊት። ከንግግር በኋላ ያለ ሕዝብ ስልኩን ነው የሚያየው። ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ጆሮ ሳይደክም ነው መሰማት ያለበት። ደግሞ የመዝሙርና የጸሎት መሣሪያ ነው። ከጭፈራ ጋር በአንድ መድረክ መደርደር የማይፈልጉ አሉና አባባን አስቀድመሽ አማክሪያቸው። አምና ከሆነው በኋላ ዘንድሮ እሺ ማለታቸውም ትልቅ ነገር ነው።

እኩል አሥር ደቂቃ የሚባለውን እርሺው። ለበገናው ሁለት መዝሙር ይበቃዋል። አዝማሪ ግን በአሥር ደቂቃ ገና ተመልካቹን እያጠና ነው። እንዲያውም ለአዝማሪው ተራ አትስጪው፤ በየመሐሉ አስገቢው። አንዱ ቡድን ወርዶ ሌላው ገመድ እስኪሰካ ያለችው ክፍተት የእሱ ናት። ስለተሰበሰበው ሰው ግጥም ይፈጥራል፣ ከሕዝቡም እየተቀበለ ይዘፍናል። በየደቂቃው «ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ከሚል አስተዋዋቂ መቶ እጅ ይሻላል።

ባለ ማሲንቆ፦

ጋሽ ሳውንድ ማን የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የጋራ ዘፈኑ ላይ ልጨምር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ሲቋቋም የተነሳው በዚሁ ሐሳብ ነው። ትውልደ ግብፃዊው ሃሊም ኤልዳብ አቋቋመው፣ ኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። በየአካባቢው ለየብቻ የሚሰሙ መሣሪያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ተጫወቱ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ እነሱ ቋሚ ቡድን ነበሩ፤ አብረው ይለማመዱ ነበር። የእናንተዎቹ የሚተያዩት በዕለቱ ነው።

ስለዚህ መቃኘት የሚችለውን ከማይችለው ለዩ። እኔ ያለችኝ አንዲት የፈረስ ጭራ ናት፤ መቃኛዋን አዙሬ ከፍ ዝቅ አደርጋታለሁ። ክራሩም እንደዚሁ። ዋሽንትና ፊላ ግን አንዴ ከተቆረጡ ተቆረጡ። ዋሽንት ነፊ ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ወዶ አይደለም። እንግዲህ ፊላዎቹ ይንፉ፣ እኛ እነሱን ፈልገን እንቃኝ። የተለመደው ግን ግልባጩ ነው፤ ክራሩ ቅኝቱን ይመርጥና ሌላው ተከተለኝ ይባላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸው የእኛ የክራርና የማሲንቆ ቤት ቅኝቶች ናቸው። የደራሼን ሰዎች «በባቲ ንፉልን» ማለት አይሆንም።

ዜማው አልገጥም ካለ ምቱን ብቻ ተጋሩ። ከበሮው ፊላዎቹን ይከተል፣ ክራሩ ያጅብ፣ ማሲንቆው በአንዲት ድምፅ ከሥር ይገዝግዝ። ለዚህ የአንድ ሰዓት ልምምድ ይበቃል። በገናውን ግን ከዚህ አውጡት።

ሌላ ነገር፣ ፕሮግራሙ ወደ ማታ የሚገፋ ከሆነ ቆዳው ይለሰልሳል። የማሲንቆዬም የከበሮውም ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይረግባል፣ ድምፁ ይወርዳል። ፀሐይ ሳለች ከበሮውን አሙቁት። እባካችሁ ከመድረኩ ኋላ ጸጥ ያለች መቃኛ ጥግ ስጡን። ስፒከር ሥር ቆሞ ማሲንቆ ቃኝ መባል ሰልችቶናል።

የዶርዜ ልጅ፦

ዶርዜ ሲባል ዘልዬ ገባሁ። ሳውንድ ማን፣ የኛን ሰዎች ረሷቸው እንዴ?

የኛ ዘፈን አንዱ አውጥቶ ሌላው የሚቀበለው ብቻ አይደለም። ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ከላይ ሲወጣ ሌላው በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ የቀሩት ከሥር ይይዛሉ። አንድ መድረክ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማይኩን ለአንድ አጎቴ ብቻ ሰጡት። የቀሩትን ከኋላው እንደ አጃቢ አሰለፏቸው። በስፒከሩ የወጣው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር። የማያውቅ ሰው «እኚህ ሰውዬ ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?» ቢል አይፈረድበትም። ተቃቅፈው፣ ተጠጋግተው ይቁሙ፣ ማይኩ ከላይ ለሁሉም ይሁን። ከፊታቸውም የኪነት ዳንሰኛ አታሰልፉ፤ መጨፈር ራሳቸው ያውቁበታል።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ «የደቡብ ባህላዊ ጭፈራ» ብላችሁ ሁላችንን በአንድ ከረጢት እንዳትከቱን። እኛ ዶርዜዎች ጋሞ ነን፤ ጋሞ ሌላ፣ ደራሼ ሌላ። አስተዋዋቂው የሚዘፈነው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚዘፈን ከራሳቸው ይጠይቅ። የሐዘን ዜማ ሆኖ ሕዝቡን አጨብጭቡ ካላችሁት ሽማግሌዎቹ ከመድረክ ወርደው ይሄዱላችኋል።

የኮሚቴዋ ጸሐፊ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የፊላዎቹን ደብዳቤ ቀይሬዋለሁ፤ ሙሉ ቡድኑ ይመጣል። ዶርዜና ደራሼም በየስማቸው ተጽፈዋል። አባባ መጀመሪያ መሆኑን ሲሰሙ «ይሻላል» ብለው ዝም አሉ፤ ከእሳቸው ይኼ ብዙ ንግግር ነው። የጋራ ዘፈኑ ካልቀረበ ግን ሊቀመንበሩ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ምት ብቻ በሚለው ተስማምተናል። አሁን የቀረኝ ሳውንድ ቼኩ፣ የቅድሚያ የድምፅ ሙከራው፣ ነው። ማን ቀድሞ ይሞክር?

ሳውንድ ማን፦

የዶርዜ ልጅ፣ አልረሳሁም፣ ለአንቺ ትቼልሽ ነው። ያልሽውን ማይክ እኔም እፈርምበታለሁ፤ ለፊላ የተሰቀሉት ሁለቱ ኮንደንሰሮች ለእነሱም ይሆናሉ።

ጸሐፊዋ፣ ሳውንድ ቼክ ተራው ተገልብጦ ነው የሚሠራው። መጨረሻ የሚጫወተው መጀመሪያ ይሞክር፤ ስለዚህ ከጋራው ምት ጀምራችሁ ወደኋላ ኑ። ክራሮቹ፣ ዶርዜዎቹ፣ ከዚያ በገናው ይዝጋ። የበገናው ማይክና ልኩ እንዳለ ይቆያል፣ ማንም አይነካውም፣ ፕሮግራሙም በእሱ ይከፈታል። አዝማሪው በየመሐሉ ስለሚገባ የራሱ ቻናል ይኑረው፤ የማይነቀል። ሚክሰሩ ላይ «ማሲንቆ» ብለሽ በፕላስተር ለጥፊበት። ለበገናው ቻናል ደግሞ «ንዝረቱ የራሱ ነው» ብለሽ ጻፊ፤ በትልቁ።