ውሃ ጠቋሚ መሣሪያ የምር ይሠራል? ጉድጓድ ከማስቆፈራችን በፊት ምክር ፈልጌ ነው

የአረርቲ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ምንጃር ውስጥ አባታችን ያወረሰን መሬት አለ፤ ሦስት ወንድማማቾች ሽንኩርት ልናለማበት ተነስተናል። አምና አንድ ሰው ሁለት የመዳብ ዘንግ ይዞ መጣ። ማሳው ላይ ወዲያ ወዲህ አለና ዘንጎቹ ሲጣመሩ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» አለን። ሪግ (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን) ተከራይተን 62 ሜትር ወረድን። ጠብታ የለም። እናቴ ልጆች እግራቸው እንዳይገባ ብላ ጉድጓዱን በበርሜል ክዳን ከድና ድንጋይ ጭናበታለች፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

አሁን ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ከቻይና የመጣ ባለስክሪን መሣሪያ አለው። ሁለት ችንካር መሬት ላይ እየነካ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ላይ ቀለም ይወጣል፣ ሰማያዊው ውሃ ነው ይላል። በግማሽ ቀን ይጨርሳል። ሌላው ሽቦ ዘርግቶ በኤሌክትሪክ የሚለካ ነው፤ ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ከዘንጉ ይሻላሉ ወይስ ያው ናቸው? ለሁለተኛ ጊዜ ከከሰርን መሬቱን መሸጣችን ነው።

ከርሰ ምድር፦

ወንድሜ፣ ሥራዬ ሃይድሮጂኦሎጂ፣ ማለትም የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ነው፤ እኔም ሴት ሆኜ ገደል ለገደል ሽቦ ስጎትት ዓመታት ሆኖኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ያዝልኝ፦ ካቀረቡልህ ከሁለቱ አንዱም ውሃ አያይም። የሚለኩት ድንጋዩና አፈሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል ነው። ውሃ አለ የለም የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ የሰው ትርጉም ነው።

ባለሽቦው አራት ችንካር ይተክላል። በውጪዎቹ ሁለት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይለቃል፣ በውስጦቹ ሁለት ቮልቴጁን ያነባል። ውጪዎቹን ባራራቃቸው ቁጥር ኤሌክትሪኩ ጠለቅ ይላል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ኮንራድ ሽሉምበርጀር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ኖርማንዲ ውስጥ የጀመረው ነው። እስከ 150 ሜትር ለማየት ሽቦው ከመሃል ወደ ግራም ወደ ቀኝም 300፣ 400፣ አንዳንዴ 500 ሜትር መሄድ አለበት። ባለሙያው ሃምሳ ሜትር ሽቦ ብቻ ዘርግቶ ስለ 150 ሜትር ካወራህ ጠይቀው። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ችንካሩ ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ካላፈሰሰ ንባቡ ይዘላል፤ ጀሪካን ይዞ ካልመጣ እሱንም ልብ በል።

ቁጥሩ፣ ማለትም መሬቱ ኤሌክትሪክን የሚከለክልበት መጠን፣ የሚነበበው ኦም ሜትር በሚባል መለኪያ ነው። ሸክላ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በታች ነው። ያልተሰነጠቀ ጠንካራ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ ላቫ የተሠራ ጥቁር ድንጋይ) ብዙ መቶ፣ እስከ ሺህዎች ይደርሳል። የተሰነጣጠቀና ውሃ የጠጣ ባዛልት መሃል ላይ፣ በአስሮች ቤት እስከ መቶ አካባቢ ይገኛል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሸክላም ጨዋማ ውሃም ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው። ሸክላ ውሃ ይይዛል ግን አይለቅም። ባለስክሪኑ መሣሪያ በተፈጥሮ መሬት ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ነው የሚለካው፤ ውሸት አይደለም፣ ስንጥቅ የት እንዳለ ሊጠቁም ይችላል። ግን ሰማያዊው ቀለም «ዝቅተኛ ንባብ» ማለት እንጂ «ውሃ» ማለት አይደለም። «ሰማያዊ ነውና ውሃ ነው» ያለህ ሰው ሸክላ ላይ ሊያስቆፍርህ ይችላል።

ውሃን በቀጥታ የሚለካ ማግኔቲክ ሬዞናንስ የሚባል ዘዴ አለ። ግን ውድ ነው፣ ጥልቀቱም ከ100 እስከ 150 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማግኔትነት ደግሞ ያውከዋል። ለእናንተ አገር አይሆንም።

የሪግ ሰው፦

እህታችን የተናገረችው ልክ ነው። እኔ ከቆፋሪ ወገን ልጨምር፣ 18 ዓመት ሪግ ላይ ነኝ። ጥናቱ ጥሩ ሆኖ ጉድጓዱ ደረቅ የሚወጣበትን አንዱን ምክንያት ማንም አይነግርህም፤ ችንካሩ ይነሳል! ባለሙያው ነጥቡን ምልክት አድርጎ ይሄዳል፣ እረኞች ይነቅሉታል፣ ወይ ሪጉ ጭቃ ላይ አልገባ ይልና መንገድ ዳር ይቆማል። 60 ሜትር ርቀን ቆፍረን ደረቅ የወጣበትን አይቻለሁ። ውሃው ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ከሆነ 60 ሜትር ብዙ ነው። ስለዚህ ነጥቡን በጂፒኤስ አስመዝግብ፣ ሲሚንቶ አድርግበት፣ የሪጉን መንገድ ቀድመህ ጥረግ።

ሌላው፣ ቁፋሮው ሲጀመር ከቦታው አትነሳ። በየሜትሩ የሚወጣውን ፍርክስካሽ በተርታ መሬት ላይ አስደርድር። ደረቅ አቧራ ወደ እርጥብ ሲቀየር፣ ቀለሙ ሲለወጥ ራስህ ታያለህ። ደረቅ ቢወጣ ማን ምን እንደሚከፍል ደግሞ ውሉ ላይ አሁኑኑ ጻፉ። በኋላ ጸብ ነው።

የባላገር ልጅ፦

ሁላችሁም የተማራችሁ ናችሁ፣ አከብራችኋለሁ። ግን አያቴ የወይራ ዘንግ ይዞ ስንት ጉድጓድ እንዳስቆፈረ መንደሩ ምስክር ነው። አንድም ደረቅ አልወጣበትም። ይሄንን ምን ትሉታላችሁ?

ከርሰ ምድር፦

አያትህን አከብራለሁ፣ እውነቴን ነው። አንድ ልጠይቅህ፤ መንደራችሁ ወንዝ ዳር ነው? ወንዝ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ላይ ከሆነ 10 ሜትር የትም ብትቆፍር ውሃ ይወጣል፤ ዘንጉ የት ቢያጎነብስ ልክ ነው። አገሩን ለዘመናት ያየ ሽማግሌ ደግሞ ዋርካው የት እንደሚለመልም፣ የት ሣር ዘግይቶ እንደሚደርቅ ያውቃል። ያ እውቀት የሰውዬው እንጂ የዘንጉ አይደለም። ጀርመን፣ ሙኒክ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1987 እና 1988 ተፈትኗል። የተመረጡ 43 ዘንግ ያዦች ጎተራ ፎቅ ላይ ወጡ፣ ከታች ውሃ የሚሄድበት ቱቦ ቦታው እየተቀያየረ ተቀመጠ። አብዛኞቹ ከግምት አልተሻሉም። አጥኚዎቹ ጥቂቶች ተሳክቶላቸዋል ብለው ነበር፣ በኋላ ቁጥሩን እንደገና ያሰላ ተመራማሪ ግን እነሱም በዕድል ከሚገኘው እንዳልበለጡ አሳየ። ባዛልት ላይ 100 ሜትር ስትወርድ ደግሞ ግምት ዋጋው ውድ ነው።

የአረርቲ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ከየት ልጀምር? መሣሪያ ከመምረጤ በፊት ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?

ከርሰ ምድር፦

አለ፣ ብዙውም ነፃ ነው። ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂድና በዙሪያህ የተቆፈሩ ጉድጓዶችን ሪፖርት ጠይቅ። ጥልቀት፣ ውሃው የተገኘበት ሜትር፣ ሊትር በሰከንድ፣ የድንጋዩ ዓይነት። አንድ ጎረቤት ጉድጓድ ከአሥር ባለቀለም ስክሪን ይበልጥብኛል። በዚያው የፈቃድ ጉዳይን ጨርስ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፣ በሪግ ለሚቆፈረው ግን ያስፈልጋል።

የውሃውን ጥራትም አስብ። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትጠጋ ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚመክረው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከዚያ የሚያልፉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። እናትህ ከዚያ ጉድጓድ መጠጣቷ አይቀርም፣ ስለዚህ ላብራቶሪ ሳይታይ አትጠጣ። ሽንኩርቱም ጨው አይወድም። ይሄን የሚነግርህ መሣሪያ የለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ደረቁ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣው ፍርክስካሽ አሁንም አለ?

የአረርቲ ልጅ፦

አለ፣ አጥሩ ሥር ክምሩ አለ። ዛሬ ሄጄ በአካፋ ገለጥኩት። ታችኛው ቡናማ አፈር ነው፣ ከዚያ ረጅም ጥቁር ግራጫ ድንጋይ። ላዩ ላይ፣ ማለትም በመጨረሻ የወጣው፣ ቀይ ሆኖ የሚያጣብቅ ጭቃ መሳይ ነው፣ አሁን ደርቆ እንደ ጡብ ሆኗል። ወንድሜ ቆፋሪዎቹ ያንን ሲያዩ «አበቃ» ብለው እንደወጡ አስታውሶኛል።

ከርሰ ምድር፦

ጎበዝ! ያ ቀይ ነገር በሁለት የባዛልት ንብርብሮች መሃል የተቀበረ የጥንት አፈር ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው ላቫ ከፈሰሰ በኋላ አፈር ተፈጠረ፣ ከዚያ ሌላ ላቫ መጥቶ ሸፈነው። ሸክላ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ውሃ ግን አይሰጥህም። ከሥሩ ያለው ባዛልት የተሰነጠቀ ከሆነ ውሃው እዚያ ሊኖር ይችላል፣ ቆፋሪዎቹም በሩ ላይ ደርሰው ተመልሰው ይሆናል። መኖሩን ዋስትና አልሰጥህም።

ባለሽቦውን ቅጠረው፣ ግን የመጀመሪያውን ልኬት ደረቁ ጉድጓድ አጠገብ እንዲያደርግ በውሉ አስገባ። 62 ሜትር ድረስ ምን እንዳለ ታውቃለህና የእሱን ቁጥር ከክምርህ ጋር ታስተያየዋለህ። ቀዩን ሽፋን በቦታው ካገኘው ቀሪውን ማሳ አስለካው። ካላገኘው ሂሳቡን ዝጋና አሰናብተው። ከክምሩ ከየቀለሙ አንዳንድ ኪሎ በፌስታል ቋጥረህ አስቀምጥ፣ ዝናብ ሳያጥበው።

የአረርቲ ልጅ፦

አሁኑኑ እየቋጠርኩ ነው። እናቴ ፌስታሎቹን እያየች ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሰኞ ጠዋት ወረዳ እሄዳለሁ፣ ሪፖርቱን ካገኘሁ ፎቶውን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።