ሬታትሩታይድ፦ «20 ዩኒት» ስንት ሚሊግራም ነው?

ጥያቄ፦
10 ሚሊግራም ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጠውን የሬታትሩታይድ (ክብደት ለመቀነስ የሚወጋ መድኃኒት) ዱቄት በተመለከተ ሰዎች «በሳምንት 20 ዩኒት» ሲባባሉ አያለሁ። በሚሊግራም ስንት ነው? ተመሳሳይ መርፌ የሆነውን ቲርዜፓታይድ የለመደ ሰውስ ከፍ ካለው መጠን ቢጀምር ምን ችግር አለው?

መልስ 1፦
በስንት ውኃ ነው የተበጠበጠው? የኢንሱሊን መርፌ የሚለካው ፈሳሹን እንጂ መድኃኒቱን አይደለም፤ 100 ዩኒት ማለት 1 ሚሊሊትር ነው። ያው 10 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ከሟሟ 20 ዩኒቱ 2 ሚሊግራም ይይዛል፤ በ2 ሚሊሊትር ከሟሟ ግን 1 ብቻ። ከሌላ ሰው የተቀዳ «20 ዩኒት» እጥፍ የሚሆነው እንዲህ ነው። ይህም ብልቃጡ የተጻፈበትን ያህል ከያዘ ነው! «ለምርምር ብቻ» የሚል ዕቃ ይዘቱንም ንጽሕናውንም ያረጋገጠለት አካል የለም። ውኃ መስሎ ጥርት ማለቱ ጀርም የለበትም ማለት አይደለም።

መልስ 2፦
ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፦ ቲርዜፓታይድ የሚሠራው ጂኤልፒ-1 እና ጂአይፒ በሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ተቀባዮች ላይ ነው፤ ሬታትሩታይድ ግን ግሉካጎን በሚባለው ሦስተኛ ሆርሞን ተቀባይ ላይም ይሠራል። ስለዚህ አንዱን መልመድ ሌላውን መልመድ አይደለም። በ2023 በታተመው የሬታትሩታይድ የሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ በሳምንት 12 ሚሊግራም የደረሳቸው በ48 ሳምንት በአማካይ 24.2 በመቶ ክብደት ቀንሰዋል። ይቺን ቁጥር የማይጠቅስ የለም፤ ከ2 ሚሊግራም ተነስተው ቀስ በቀስ መውጣታቸውን ግን ማንም አያነሳም። በ4 ከጀመሩት ይልቅ በ2 የጀመሩት የሆድ ችግሩ ቀለል ብሎላቸዋል። የልብ ምትም እስከ 24ኛው ሳምንት እንደ መጠኑ ከፍ ብሎ ነው ኋላ የወረደው።

ጠያቂ፦
የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ካልተሰማስ? ያኔም መጨመር አይቻልም?

መልስ 2፦
የሚያሳስተው እሱ ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 6 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ቀጣዩ መርፌ ሲወጋ ከፊተኛው ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው አሁንም አለ። መጠኑ ተደራርቦ የሚረጋው ከ4 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የጨመረ ሰው የፊተኛውን መጠን ሙሉ ጉልበት ገና ሳያይ ነው ሌላ የሚደርብበት፤ ከዚያ ትውከቱ ሲጀምረው የተወጋው አይወጣም፣ ለቀናት ይቆያል።

መልስ 1፦
ልጨምርበት፦ ትውከቱ ውኃ እንኳ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩላሊት ይጎዳል። ወደ ጀርባ የሚዘልቅና የማይለቅ የላይኛው ሆድ ሕመም ደግሞ የቆሽት ብግነት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ነው። ሲሄዱም ብልቃጡን ይዞ መሄድና ምን እንደተወጉ ሳይደብቁ መናገር።