በሙከራ ጊዜ ላይ ካለ ሠራተኛ ጡረታ ይቆረጣል?

ሂሳብ ከቦሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ቡና ማበጠሪያ ያለው የግል ድርጅት ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። ጥቅምት 1 ሦስት ቋሚ ሠራተኞች ቀጥረናል። ውላቸው ላይ የ60 የሥራ ቀን ሙከራ ተጽፏል፤ በሳምንት 6 ቀን ይሠራሉ። አንደኛው የማሽን ሠራተኛ ሲሆን መነሻ ደመወዙ 12,000 ብር ነው፤ በዚያ ላይ 1,500 ብር የትራንስፖርት አለው። ሥራ አስኪያጁ «ሙከራውን ሳይጨርሱ ጡረታ አይቆረጥም፤ ካለፉ የኋላውን አንድ ላይ ታነሺዋለሽ» ስላሉኝ የጥቅምትና የኅዳር ፔሮል ያለ ጡረታ ተከፈለ። አሁን የታኅሣሥን ልሠራ ነው። ሕጉ ምን ይላል? ያለፈውስ እንዴት ይስተካከላል? ከሦስቱ አንዱ ሙከራውን ባያልፍስ?

ፔሮል አዋቂ

እህቴ፣ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ መቆረጥ ነበረበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 11ን አውጥተሽ ለሥራ አስኪያጁ አሳያቸው። በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተባለ በቀር በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ መብቱና ግዴታው ሙከራውን ከጨረሰ ሰው ጋር እኩል ነው ይላል። ከሙከራው በኋላ ሥራውን ከቀጠለ ደግሞ ውሉ የሚቆጠረው ሙከራው ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ነው። ሙከራ ማለት አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት የሚችልበት ጊዜ ነው፤ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ከዚህ ያለፈ ትርጉም አይሰጠው። ግብሩን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ቆርጣችኋል አይደል? ታዲያ ጡረታው በምን ተለየ?

ስሌቱ አያስቸግርም። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። መሠረቱ ለመደበኛ የሥራ ሰዓት የሚከፈለው ሙሉ የወር ደመወዝ ስለሆነ ትራንስፖርቱንና የትርፍ ሰዓቱን አትጨምሪ። ለማሽን ሠራተኛው ከእሱ 840፣ ከድርጅቱ 1,320፣ በጠቅላላ 2,160 ብር በወር ይሆናል። 11 በመቶውን ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ማንሳት ፈጽሞ አይቻልም፤ «በእጅህ ይህን ያህል» ተብሎ በተጣራ ደመወዝ የተስማማ አሠሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ደመወዝ ሠሪ ደግሞ 840ውን ቀንሶ በቀሪው 11,160 ላይ ግብር ያሰላል። የሥራ ግብር የሚሰላው ጡረታው ሳይነሳ ባለው ደመወዝ ላይ ነው።

የቆጪው

ሥራ አስኪያጁ ከሜዳ ተነስተው አልተናገሩም። ይህ ነገር ሥር አለው። በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 የሙከራ ጊዜ 45 ተከታታይ ቀን ነበር። በ2003 የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 715 ደግሞ ሠራተኛን ሲተረጉም «ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ» የተቀጠረ አለ። ሁለቱ 45 ቁጥሮች ተገጣጠሙና «ሙከራውን ያልጨረሰ ጡረታ የለውም» የሚለው ልማድ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን የጡረታው 45 ቀን የሚለካው የቅጥሩን ርዝመት ነው። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው ገና በ1ኛው ቀን ቅጥሩ ከ45 ቀን በላይ ነው። ሙከራውም በ1156 ወደ 60 የሥራ ቀን ስለሄደ ሁለቱን ማገናኘቱ ራሱ አሁን ትርጉም የለውም። 715ንም የጡረታ አዋጅ 1268/2014 ተክቶታል።

ሌላው ምንጭ ፕሮቪደንት ፈንድ ነው፤ ድርጅቱና ሠራተኛው በየወሩ የሚያዋጡት የቁጠባ ገንዘብ ማለት ነው። የብዙ ድርጅት የፕሮቪደንት መተዳደሪያ ደንብ «ሙከራውን ያጠናቀቀ ሠራተኛ» ብሎ ስለሚጀምር ሰው ጡረታውንም በዚያው ያየዋል። ፕሮቪደንቱ በድርጅቱ ደንብ ይመራል፣ ጡረታው ግን በአዋጅ ነው። ድርጅት በውስጥ ደንቡ ሊያዘገየው አይችልም።

ሂሳብ ከቦሳ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ታዲያ የሁለቱን ወር ከታኅሣሡ ጋር ደርቤ ልቁረጥ? በኢ-ታክስ (በኢንተርኔት ማሳወቂያው) የጥቅምትን ሳሳውቅ እነዚህን ሦስቱን አላስገባኋቸውም።

ፔሮል አዋቂ

ደርበሽ አትቁረጪ። ቁጥሩን ተመልከቺ፦ የሦስት ወር መዋጮ 2,520 ብር፣ በአሁኑ የግብር ሰሌዳ በ12,000 ላይ ያለው የአንድ ወር ግብር 2,250 ብር፤ ሲደመር 4,770። በ1156 አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቀነሰው በድምሩ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም፤ የ12,000 ሲሶ 4,000 ነው። ግብሩ በሲሶው ውስጥ ይገባል አይገባም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ግን ለምን እዚያ ትደርሻለሽ? ይባስ ብሎ የጡረታ ሕጉ ከሠራተኛው ሳይቀንስ የቀረ ድርጅት መዋጮውን ራሱ ይከፍላል ስለሚል፣ ላለፉት ሁለት ወራት 7 በመቶው የሚጠየቀው ከድርጅቱ ነው። የእኔ ምክር 1,680 ብሩን ድርጅቱ ይሸከም፤ በአንድ ሠራተኛ ይህን ያህል ነው፣ ክርክር አይገባውም።

ጊዜውን ደግሞ እንየው። መዋጮ የሚከፈለው ደመወዙ የተከፈለበት ወር ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ የጥቅምት መክፈያ ኅዳር 30 አልፏል፤ የኅዳር ግን እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። እስካሁን የዘገየው የጥቅምቱ ብቻ ነው ማለት ነው። ለኅዳር ገና ካላሳወቅሽ ሦስቱን አሁኑኑ በዝርዝሩ አስገቢ። ለጥቅምት የተስተካከለ ማስታወቂያ አቅርቢ፤ ሦስቱ የተቀጠሩበት ቀን «ጥቅምት 1» ተብሎ ይግባ። የጥቅምቱን ገንዘብ በታኅሣሡ ላይ ደምሮ በአንድ ወር ማስገባት ትልቅ ስህተት ነው። ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሠራተኛው አገልግሎት አንድ ወር ይጎድላል፤ ታኅሣሥ ላይም ደመወዙ ያበጠ ይመስላል። ወለድና ቅጣቱ በተቆየ ቁጥር ስለሚጨምር በዚህ ሳምንት ጨርሺው።

ኤች አር መርካቶ

የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ስሌቱ ሳይሆን ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ነው። አዲስ ተቀጣሪ ቲን ከሌለው በዝርዝሩ ላይ ማስገባት ስለማይቻል «ሙከራውን ይጨርስና ይወጣለታል» ይባላል፤ ጡረታው የሚዘለለውም በዚህ ሰበብ ነው። የቅጥር ደብዳቤ ሲሰጥ በዚያው ቀን ቲን ይጠየቅ፤ ከሌለው እንዲያወጣ ይላክ። ስሙ ከመታወቂያው ጋር በፊደል አንድ ይሁን። መሐመድና ሙሐመድ፣ ኃይሉና ሀይሉ በኋላ ላይ አገልግሎት ሲደመር ራስ ምታት ይሆናሉ። በፊት ሌላ ቦታ ሠርቶ ከሆነ የጡረታ መለያ ቁጥር ስለሚኖረው እሱን ጠይቂው እንጂ አዲስ አታስወጪለት።

ሙከራውን ባያልፍ ብለሽ የጠየቅሽው፦ የተቆረጠው አይመለስለትም፣ ድርጅቱም 11 በመቶውን መልሶ አይወስድም። ገንዘቡ በፈንዱ ይቆያል፤ አገልግሎቱ ሌላ ድርጅት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ከዚያኛው ጋር ይደመራል። የወጣበት ወር ማስታወቂያ ላይ ሥራ በለቀቁት ዝርዝር ውስጥ አስገቢው። የሥራ ምስክር ወረቀቱ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ሠራና ደመወዙ ይጻፍ። «ሁለት ወር ምን ያደርግለታል» የሚል አሠሪ አለ። የጡረታ አበል ለማግኘት በትንሹ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ በየድርጅቱ ሁለት ሁለት ወር እየተጣለበት 60 ዓመት የሞላው ሰው ከ10 ዓመት በታች ቢቀር የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ብቻ ነው።

የቆጪው

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቡና ሥራ ስለሆነ መነሳቱ አይቀርም። ወቅቱ ሲደርስ በቀን ሒሳብ የሚገቡት ለቃሚዎችና ጫኝና አውራጆች ከእነዚህ ሦስቱ ጋር አይቀላቀሉ። ለጥቂት ቀን ገብቶ የሚወጣው የጡረታ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ችግሩ «የቀን ሠራተኛ» እየተባለ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሳያቋርጥ የሚሠራው ነው፤ ስሙ የቀን ቢሆንም ቅጥሩ ከ45 ቀን አልፏል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው የመገኘት መዝገቡን ነው፣ ስለዚህ መዝገቡን ከፔሮሉ ጋር አሁን አስተያዪ።

ለማንኛውም የሦስቱን ሙከራ ማብቂያም ቁጠሪው። በሳምንት 6 ቀን ከሆነ ጥቅምትና ኅዳር ወደ 52 የሥራ ቀን ይሆናሉ፤ 60ው ታኅሣሥ 10 አካባቢ ይሞላል። ከዚያ በኋላ «ሙከራውን አላለፍክም» የሚል ደብዳቤ አይሠራም።

ሂሳብ ከቦሳ (ጠያቂ)

የኅዳሩን ዛሬ አስገባለሁ፤ የጥቅምቱን ማስተካከያ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቄ አቀርባለሁ። አንቀጽ 11ንና 59ን አትሜ ለሥራ አስኪያጁ እሰጣቸዋለሁ።