ጥያቄ፦ 240 ኮር ተሰጠኝ፤ ለዚንክና ለብረት ስሌት የቱን ሶፍትዌር ልያዝ?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ላይ ነው። ዚንኩ ብረቱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ በኮምፒውተር ስሌት ማየት እፈልጋለሁ። ሞዴሌ 240 አቶም አለው፤ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ዚንክ።

እስካሁን የምሠራው ቤተ ሙከራችን (ላብ) ውስጥ ባሉ 4 ኮምፒውተሮች ነበር። እያንዳንዱ 16 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) አለው። የተያያዙት በተራው የ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ነው። ስሌቱ ሦስት ቀን ይሄድና መብራት ይጠፋል። እንደገና ከዜሮ።

አሁን በአማካሪዬ በኩል ኬፕታውን ያለው ሌንጋው የሚባለው ትልቅ ማሽን ላይ 10 ኖድ (ማሽኑ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች) ተፈቀደልኝ። በኖድ 24 ኮር ነው። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ግራ ገባኝ። አንዱ ቫስፕ ይላል፣ አንዱ ኳንተም ኤስፕሬሶ፣ ሌላው ላምፕስ ወይ ሲፒቱኬ። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ቶሎ የሚሮጠው የቱ ነው? ክራክ የተደረገ ቫስፕ ልስጥሽ ያለኝ ሰውም አለ።

ቦርከና

ወንድሜ፣ ክራኩን እርሳው። ቫስፕ በክፍያ ፈቃድ የሚሰጥ የቪየናዎች ሶፍትዌር ነው። ነገ ወረቀት ስታሳትም በምን ፈቃድ ሠራህ ቢሉህ ምን ትላለህ? ሌሎቹ ሦስቱ ግን ነፃ ናቸው።

ላምፕስን ኤሌክትሮኑን ከሚያሰሉት ከሌሎቹ ጋር አታወዳድረው፤ ዘሩ ሌላ ነው። ኤሌክትሮን የሚባል ነገር አያይም። አቶሞቹ በምን ጉልበት እንደሚሳሳቡ አንተ ፖቴንሻል (የመሳሳቡን ቀመር) ትሰጠዋለህ፣ እሱ ያንቀሳቅሳቸዋል። ቦታውን ቆራርሶ ለየኮሩ ያድላል፤ ኮሩ የሚያወራው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሚሊዮን አቶም ብትሰጠው ሺህ ኮር ላይ የሚበረው። ያንተን 240 አቶም 240 ኮር ላይ መበተን ግን አንድ ጀበና ቡና ለማፍላት ሰፈሩን ሁሉ መጥራት ነው። ደግሞም ለብረትና ለዚንክ አንድ ላይ የተፈተነ ፖቴንሻል ካልያዝክ የሚወጣው ቁጥር አይታመንም።

ጠያቂ

እህትህ ነኝ እንጂ ወንድምህ አይደለሁም! ለመልሱ ግን አመሰግናለሁ።

ቦርከና

አፉ በይኝ እህቴ። "ልስጥሽ" የሚለውን ዘልዬው ነው።

የጦሳ ልጅ

ኳንተም ኤስፕሬሶ ያዢ። እኔም የምሠራበት እሱን ነው፣ ስለዚህ አዳላለሁ። ሲፒቱኬም ጎበዝ ነው፤ ግን ጉልበቱ የሚታየው ውሃ ወይ ኦክሳይድ የመሰለ ብዙ መቶ አቶም ያለው ነገር ላይ ነው። ያንቺ ብረታ ብረት ነው፣ ብዙ ኬ ነጥብ (የኤሌክትሮኑ ሞገድ የሚሰላባቸው ናሙና ነጥቦች) ይፈልጋል። እዚያ ላይ ኤስፕሬሶ ይመቻል።

"ቶሎ የሚሮጠው የቱ ነው" የሚለውን ግን ተይው። ስሌትሽ በየት በኩል ይከፈላል? እሱን እዪ። 4 ኬ ነጥብ አለሽ እንበል። ብረት ማግኔት ስለሆነ የኤሌክትሮኑን ስፒን ላይና ታች ለይተሽ ታሰያለሽ። 4ቱ 8 ሆኑ። እነዚህ 8 ሥራዎች እርስ በርስ ብዙ አያወሩም። ስለዚህ 8 ፑል (የኮር ቡድን) ትዪዋለሽ፣ ማለትም ትዕዛዙ ላይ ማይነስ ኤንኬ 8 (-nk 8)። ለእያንዳንዱ ፑል አንድ ሙሉ ኖድ ይድረሰው፤ 8 ኖድ፣ 192 ኮር። 10ሩንም ልጠቀም ካልሽ ለአንድ ፑል 30 ኮር ይደርሳል። 24ቱ እዚህ ኖድ፣ 6ቱ እዚያ ይሆኑና ወሬው በኔትወርክ ይመላለሳል። ሁለቱን ኖድ ተያቸው፣ ይረፉ።

በአንድ ፑል ውስጥ ግን ኮሮቹ ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ። የላባችሁ የ1 ጊጋቢት ገመድ የሚታነቀው እዚህ ላይ ነው። 4ቱን ኮምፒውተር አንድ ላይ አታሩጪ፤ በየአንዳንዱ ላይ የተለየ ስሌት ጫኚ።

አሁን የኔን ጉድ ልንገርሽ። በ16 ኮር ማሽን 16 ፕሮሰስ (የፕሮግራሙ ቅጂ) አስነሳሁ። ከ4 ኮር ያነሰ ፍጥነት ሆነ! ሁለት ሳምንት ሶፍትዌሩን ስረግም ከረምኩ። ቶፕ (top፣ የሚሮጡትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ትዕዛዝ) ብዬ ሳይ ለካ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን 16 ትሬድ (ንዑስ ሠራተኛ) ፈልፍሏል። 16 በ16፣ 256 ሠራተኛ በ16 ወንበር። ከማስነሳትሽ በፊት የትሬዱን ብዛት የሚወስነውን ኦኤምፒ ነም ትሬድስን (OMP_NUM_THREADS) 1 አድርጊው።

ሌላው፣ ሰዓትሽን ከማቃጠልሽ በፊት አጭር ስሌት በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ኖድ ሞክሪ። በ1 ኖድ 40 ደቂቃ ከፈጀና በ2 ኖድ 22 ከሆነ መልካም ነው። በ4 ኖድ 20 ካለሽ እዚያው በ2 ቁሚ። አቶም በእጥፍ ሲጨምር የዚህ ዓይነት ስሌት ወደ 8 እጥፍ ይከብዳል፣ ሞዴልሽን ያለ ምክንያት አታሳብጪው።

ቦርከና

ስለ መብራቱ፦ አቶሞቹ ቦታቸውን እያስተካከሉ ያለበት ስሌት ከሆነ በየደረጃው አዲሱን አቀማመጥ ውጤት ፋይሉ ላይ ይጽፋል። መብራት ሲመጣ የመጨረሻውን ገልብጠሽ ከዚያ ቀጥዪ። ከዜሮ ማን አለሽ? ሌንጋው ላይ ደግሞ የተሰጠሽ ሰዓት ከማለቁ በፊት ራሱ አስቀምጦ እንዲቆም ማክስ ሰከንድስ (max_seconds) የሚለውን ሙዪ።

ጋሽ መንከሪያ

ልጄ፣ እኔ የእናንተን ኮምፒውተር አላውቅም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ቆርቆሮ ስነክር ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ዚንኩ በቀጥታ ብረቱ ላይ ያርፋል ያለሽ ማነው?

ገንዳው ውስጥ ዚንኩ ቀልጦ ወደ 450 ዲግሪ ሙቀት ላይ ነው። እዚያ ውስጥ አልሙኒየም ትጨመራለች፣ ከመቶ 0.2 አካባቢ፤ ቅመም በይያት። ቆርቆሮው ሲገባ አልሙኒየሟ ቀድማ ከብረቱ ጋር ትያያዝና ስስ ንብርብር ትሠራለች። ዚንኩ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። እሷ ከሌለች ብረትና ዚንኩ ተዋህደው ወፍራምና ተሰባሪ ነገር ይፈጥራሉ፤ ቆርቆሮው ሲታጠፍ ልጥ ብሎ ይነሳል። አንቺ የምታሰይው ቆርቆሮ የትኛውን ነው?

የጦሳ ልጅ

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ ሶፍትዌር ስመርጥላት ሞዴሉን አላየሁትም ነበር።

እህቴ፣ እሳቸው የሚሉት ስስ ንብርብር የብረትና የአልሙኒየም ውህድ ነው፤ 2 ብረት ለ5 አልሙኒየም። መዋቅሩ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንድ የአልሙኒየም ቦታዎቹ በከፊል ባዶ ናቸው። ስለዚህ የትኞቹ ቦታዎች እንደሚሞሉ ለማወቅ መጀመሪያ ብዙ ትንንሽ ስሌት ያስፈልግሻል። እነዚህ ደግሞ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ለላባችሁ 4 ኮምፒውተሮች የተሠራ ሥራ ነው! ሌንጋውን ለመጨረሻው ትልቅ ሞዴል አቆዪው።

ጠያቂ

ጋሽ መንከሪያ፣ እድሜ ይስጥዎት። አማካሪዬን አሁን ደውዬ ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው ቆዩና "ልክ ናቸው" አሉኝ። ምዕራፍ ሁለትን እንደገና ልጽፍ ነው።

ቶፕንም አየሁ። 256! የኔም ያው ነበር። 1 አድርጌ አስነሳሁት፤ ሦስት ቀን ሲፈጅ የከረመው ዛሬ ጠዋት ተጭኖ ከመግሪብ በፊት አለቀ። መብራትም አልጠፋም።

ጋሽ መንከሪያ

አብሽሪ ልጄ። ላባችሁ ማይክሮስኮፕ ካለው ቅዳሜ ቁራጭ ቆርቆሮ ይዤ እመጣለሁ፤ አንዱ የታጠፈ፣ አንዱ የተላጠ። መጀመሪያ በዓይንሽ እዪው።