ጥቆማ፦ የቶዮታ ዲኤክስ ክሩስኮት (ከመሪው ጀርባ ጌጆቹ ያሉበት) መብራት ጠፋብኝ፣ ጅማ ላይ ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ማን ጋ አለ?

የአጋሮ መንገደኛ፦
ሰላም ኢጆሌ ጅማ። የምነዳው የድሮ ዲኤክስ ነው፣ ካርቡሬተር ያላት። ማታ መብራት ስከፍት ክሩስኮቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የፊቱም የኋላውም የሰሌዳውም መብራት ይሠራል። የፍጥነቱና የሙቀቱ ጌጅ ቀን ቀን በደንብ ይቆጥራሉ፣ ሲመሽ ግን አይታዩም። አንዳንዴ ጎማዋ ጉድጓድ ሲመታ ብልጭ ይልና መልሶ ይጠፋል። ሌላው ነገር፣ ቁልፍ ስከፍት የዘይቷ ቀይ መብራት ትበራለች፣ የባትሪዋ ግን አትበራም፤ በፊት ትበራ ነበር። ሥራዬ አጋሮ ስለሆነ ስመለስ ይመሽብኛል፤ ሙቀቷን ሳላይ ዳገት መውጣት ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ሁለት ሰው ተጠቁሜያለሁ፦ እዚሁ ጅማ መርካቶ በኩል ያሉት ሽማግሌና አጂፕ አካባቢ የሚሠራው ወጣት። ማን ይሻለኛል? መለዋወጫውስ እዚሁ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላስመጣ?

ኮድ 3 ጅማ፦
የመርካቶው ሽማግሌ ጋ ውሰዳት። አባቴም እሳቸው ጋ ነበር የሚያሠራው፣ እኔም እሳቸው ጋ ነኝ። ሌላ ሰው መኪናዬን እንዲነካ አልፈልግም።

ሰጦ ሰፈር፦
አጂፕ ያለው ልጅ እጁ ንጹህ ነው። የፈታውን ብሎን ሁሉ ቆጥሮ መልሶ ይገጥማል። ቴስተር ሳይዝ ሽቦ አይነካም።

ኮድ 3 ጅማ፦
ሽማግሌው ያለ ቴስተር በጆሮ ብቻ ያውቁታል።

የጂረን ልጅ፦
ወንድሜ፣ የትም ብትወስዳት አብረህ ቁም፤ ትተህ እንዳትሄድ። በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። ችግሩ ልክ እንደ አንተ ነበር፣ የክሩስኮት መብራት ብቻ። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ ጠዋት አስረክቤ ማታ ስመለስ በርቶ ጠበቀኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ክረምቱ ሲገባ መሪው ሥር የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ጀመረ። ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ለካ ሰውየው የፋብሪካውን ሽቦ ቆርጦ፣ ከባትሪ በቀጥታ አዲስ ሽቦ ስቦ፣ መሐሉ ላይ ፊውዝ እንኳ ሳያስገባ በናስትሮ ጠቅልሎ ነው የሄደው። ሽቦው የመሪው ብረት ላይ ሲፋተግ ቆይቶ ልባሱ ተልጧል። የ15ቱን ፊውዝ ደግሞ አውጥቶ 30 ሰክቶበታል። ልጆቼን ጭኜ ነበር የምሄደው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።

ፈረንጅ አራዳ፦
የት ነው ያሠራኸው? ስሙን ጥራልንና ሰው ይጠንቀቅ።

የጂረን ልጅ፦
ስም አልጠራም። ሄጄ ነግሬዋለሁ፣ ገንዘቤንም መልሶልኛል። የምለው አብራችሁ ቁሙ፣ ተቆርጦ የወጣ ሽቦ ካለ አሳየኝ በሉ፣ ፊውዙንም ከማስረከባችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት ነው።

ቡና ጫኝ፦
እኔ የጠረጠርኩት ጋራዥ ከሆነ የእኔንም አይሱዙ እንዲሁ አድርጓታል። ፍሬቻ ላሠራ ገብቼ ክላክሱ ጠፍቶብኝ ወጣሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ቀብድ ተቀብሎ መኪና የሚያቆመውስ? እኔ ስንት ጊዜ ነገ ና ተብያለሁ። በመጨረሻ ባትሪዬ ተፈትቶ ሌላ መኪና ላይ ሲሠራ አገኘሁት።

ቆጪ ማዶ፦
ይሄ ቼክ ኢንጂን ይመስለኛል። ስካነር ያለው ጋ አስነብበው፣ ኮዱ ራሱ ይነግርሃል። ለእኔ ቪትዝ እንደዚያ ነው ያደረጉልኝ፣ የኦክስጅን ሴንሰር ሆኖ ተገኘ።

ሄርማታ፦
ካርቡሬተር ያላት ዲኤክስ ላይ ስካነሩን የት ይሰኩታል፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ? ሰውየው ክሩስኮት ጨለመ ነው ያለው። እንዲያው ጥያቄ የሚያነብ ሰው ጠፋ?

ቆጪ ማዶ፦
ልረዳው ብዬ ነው።

እናት ጊቤ፦
ሄርማታ፣ ልጄ፣ ቀስ በል። ሁሉም በሚያውቀው ነው የሚመልሰው።

አውቶ መምህር፦
የአጋሮ መንገደኛ፣ ማን ጋ ልውሰዳት ከማለትህ በፊት የነገርከን ምልክት ራሱ ብዙ ይናገራል። በድሮ ቶዮታዎች የኋላ ፓርኪንግ፣ የሰሌዳና የክሩስኮት መብራት የሚነሱት ከአንድ ፊውዝ ነው፤ ክዳኑ ላይ ቴይል ተብሎ የተጻፈው፣ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ነው። የኋላህ እየበራ ከሆነ ፊውዙ ደህና ነው፣ ስለ እሱ ገንዘብ አታውጣ። ክሩስኮቱን የሚያበሩት አምፖሎች ደግሞ ከአንድ በላይ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት አይቃጠሉም። ስለዚህ የጠፋው የጋራ መንገዳቸው ነው፦ ዲመሩ (የክሩስኮቱን ብርሃን መቀነሻው)፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ሶኬት ወይም ማሳው (ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቭ መስመር)።

ዛሬ ማታ በእጅህ ሞክረው። መብራት ክፈትና ከመሪው አጠገብ ያለውን የዲመር ቁልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመህ አዙር። ሰው መኪና ሲያጥብ ሳያውቅ ዝቅ አድርጎት የሚተውበት ጊዜ አለ። እያዞርክ ብልጭ ካለ በውስጡ ያለው መጠምጠሚያ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። በዲመሩ ምንም ሳይለወጥ ክሩስኮቱን ከላይ በመዳፍህ ስትጫነው ብልጭ ካለ ግን ጥፋቱ ከጀርባ ነው። ጉድጓድ ላይ ይመለሳል ስላልክ እኔ የማደላው ወደዚህኛው ነው።

ስትከፍተው ከጀርባው እንደጠበቅከው የሽቦ ጫካ አታገኝም። መዳብ የታተመበት ስስ ፕላስቲክ ነው ያለው። አምፖሉ በትንሽ መያዣ ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ይቆለፋል፤ በመያዣው ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ቀጫጭን ብረቶች መዳቡን ነክተው ነው የሚያበሩት። እነዚያ ብረቶች ሲላሉ ወይም መዳቡ አረንጓዴ ሲያወጣ ይጠፋል። የእኛ ከተማ ዝናብና ዕርጥበት፣ በዚያ ላይ በንፋስ መከላከያው ላስቲክ የሚሰርገው ውኃ፣ ይህን ጉዳት ያፋጥናል። የእርሳስ ላጲስ ወስደህ መዳቡን በቀስታ አሽ፣ ብረቶቹን ደግሞ በጥፍርህ ትንሽ ወደ ውጭ አንሣቸው። የብርጭቆ ወረቀት አታስነካው፣ መዳቡን ጠርጎ ይወስደዋል። ዋናውን ሶኬትም ነቅለህ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እይ፤ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ያገኘኸው ካለ እሱ ነው።

ከመፍታትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቅቅ። የፍጥነቱ ገመድም ከጀርባ ስለተሰካ ክሩስኮቱን በጉልበት እንዳትስበው፤ የገመዱን መያዣ ተጭነህ አስቀድመህ አውጣው።

የአጋሮ መንገደኛ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገለቶማ። ዲመሩን አዙሬዋለሁ፣ ለውጥ የለውም። ከላይ ስጫነው ግን ለአፍታ በርቷል። የባትሪዋ መብራትስ ከዚሁ ጋር ይያያዛል?

ጅማ ቦንጋ፦
የባትሪ መብራቷን ቸል እንዳትላት። የዚያች አምፖል ከተቃጠለ ዲናሞው ባትሪ አይሞላም፤ ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው በእሷ የሚያልፈው ኮረንቲ ነው። ጓደኛዬ ፔጆው እንዲህ ሆና መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ከዚያ ዲናሞ ቀይር ብለው ብዙ ብር አስወጡት። ችግሩ ትንሿ አምፖል ነበረች።

ኮድ 3 ጅማ፦
ዲናሞ ከሆነ ሽማግሌው በአንድ ቀን ይጠቀልሉለታል።

አውቶ መምህር፦
ጅማ ቦንጋ ያለው በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ልክ ነው። ቶዮታ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ከቁልፍ የሚመጣ የራሱ መስመር አለው፣ ያም መስመር በፊውዝ ያልፋል። አምፖሏ ብቻ ከተቃጠለች ዲናሞው ሊሞላ ይችላል፤ አንተ ግን መሙላቱን ያቆመ ቀን የሚነግርህ አይኖርም። ሁለቱንም የሚለየው መለካት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ የባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ታገኛለህ። አስነሥተህ ትንሽ ነዳጅ ስትሰጥ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከወጣ እየሞላ ነው። ከ13 በታች ከቆየ አጋሮ መሄዱን አቁመህ ዲናሞውን አሳይ። የዘይቷና የባትሪዋ መብራት ቁልፍ ሲከፈት አብረው መብራት አለባቸው። የዘይቷ ከበራች፣ የባትሪዋ አምፖል ወይም የእሷ መያዣ ሳይሆን አይቀርም፤ እሷም እዚያው ክሩስኮት ጀርባ ስለሆነች በአንድ መፍታት ሁለቱንም ትጨርሳለህ።

አዌቱ፦
ለምን ሁሉንም ኤልኢዲ አታደርገውም? እኔ ሰማያዊ አስገብቻለሁ፣ ውስጡ እንደ አዲስ መኪና ነው የሚያምረው። ከሶማሌ ተራ በሚኒባስ ይላክልሃል።

ሄርማታ፦
ሰማያዊ ማታ ዓይን ያደክማል። የአጋሮ መንገድ ላይ እግረኛውም ከብቱም ያለ መብራት ነው የሚወጣው፣ ዓይኑ ውጭ ማየት አለበት።

አዌቱ፦
የእኔን ዓይን አላደከመኝም።

አውቶ መምህር፦
ኤልኢዲ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል፤ ካልበራ አውጥተህ አዙረህ ስካው። በድሮው ዲመር ብርሃኑ በትክክል አይቀንስም። የባትሪዋን ማስጠንቀቂያ ግን በዋናው ዓይነት አምፖል ተዋት። ለጀርባ ብርሃን ትልልቆቹ ቲ10 ባለ 3.4 ዋት፣ ትንንሾቹ ቲ5 ባለ 1.4 ዋት ናቸው። ባለ 5 ዋቱ ቲ10 ያው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ ይሸጥልሃል፣ ሙቀቱ ግን መያዣውንና የጌጁን ፊት ያበላሻል። አሮጌውን አውጥተህ ይዘህ ሂድና ዋቱን አስተያይ።

ሰጦ ሰፈር፦
አምፖሎቹ እዚሁ መርካቶ መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ አሉ። ለዚህ አዲስ አበባ መደወል አያስፈልግም። ከሶማሌ ተራ የምታስመጣው የታተመው ፕላስቲክ ከተቀደደ ብቻ ነው፤ ያኔም ሙሉ አሮጌ ክሩስኮት ግዛ፣ ጀርባውን አስገልብጠህ በፎቶ ካየህ በኋላ።

ቡና ጫኝ፦
ሙሉ ክሩስኮት ከገዛህ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ የሌላ መኪና ነው። ስትሸጣት ገዢው ይጠይቅሃል፣ የድሮዋን ቁጥር ጽፈህ አስቀምጥ።

ኮድ 3 ጅማ፦
ይሄ ሁሉ ትንታኔ ለአንድ አምፖል? ሽማግሌው ጋ ሂድ፣ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ትነሣለህ።

ሰጦ ሰፈር፦
ሽማግሌውን አከብራቸዋለሁ፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ስስ መዳብ ላይ የሚሠራ ሰው ማየት አለበት።

ኮድ 3 ጅማ፦
ስለ ዓይናቸው አንተ ምን አገባህ? ስንቱን የመንግሥት መኪና ያስነሡ ሰው ናቸው።

እናት ጊቤ፦
ልጆቼ፣ ሁለቱም የእኛው ናቸው። የአጋሮ መንገደኛ፣ እስክታሠራት ማታ አትንዳ። የግድ ከሆነም ሙቀቷን ለማየት ትንሽ የእጅ ባትሪ ከጎንህ አድርግ፣ ዳገት ከመጀመርህ በፊት ቁም፣ ውኃዋንም ጠዋት ሳትሞቅ እይ። ሙቀት ሳታይ ሄዳ የመኪናዋ ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የተቃጠለባት እህት አለችኝ፤ ሞተር ማስወረድ የመብራት ዋጋ አይደለም።

የጂረን ልጅ፦
ትክክል ነው እናቴ። ለማንም ስትሰጣት ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ሽቦ ትቆርጣለህ ወይ፣ የምትስበው አዲስ መስመር ፊውዝ ይኖረዋል ወይ፣ የወጣውን ዕቃ ትሰጠኛለህ ወይ። በዚህ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ቁልፍህን ይዘህ ውጣ።

የአጋሮ መንገደኛ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቮልቱን አስለካሁ፣ 14.1 ነው፣ ዲናሞዋ ደህና ናት። ቅዳሜ አስከፍታታለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ማን ጋ ወሰንክ?

ጅማ ቦንጋ፦
እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ የሚኒባስ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር በጥሩ ዋጋ ያየ አለ? ክረምቱ ሳይጠነክር መቀየር አለብኝ።

ቡና ጫኝ፦
መርካቶ አንድ ሱቅ አይቻለሁ፣ ያገለገለ ነው። ከመግዛትህ በፊት ግን እዚያው ባትሪ ላይ አስሞክረው፣ ሁለቱንም ፍጥነት። ጥርሱ የተበላ ከሆነ ባዶውን ይዞርልህና መጥረጊያው ሲጫንበት ይቆማል።