ጥቆማ፦ ስልኬን አሁን ልቀይር ወይስ ልጠብቅ?

ጠያቂው፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጠቀምበት ስልክ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ32 ነው። ስክሪኑም ካሜራውም ደህና ናቸው፤ ነገር ግን ጠዋት የሞላው ባትሪ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ስከፍትም ብዙ ያስጠብቀኛል። የሥራዬን ክፍያ የምቀበለው በዚሁ ስልክ በመሆኑ ድንገት ቢዘጋብኝ እቸገራለሁ። አጎቴ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአሜሪካ ይመጣሉ። እሳቸውን ልጠብቅ ወይስ አሁን አዲስ አበባ ልግዛ? የምታምኑት ሱቅ ካለም ጠቁሙኝ።

የመገናኛው፦
ሳይውሉ ሳያድሩ ይግዙ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ዋጋው ይረጋጋል ብሎ የጠበቀ ሰው ያገኘው ጭማሪ ነው። መገናኛ አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ቤተሰባችን በሙሉ ስልክ የሚገዛው ከእሱ ነው። አሮጌውንም ተቀብሎ በጭማሪ ይለውጥልዎታል።

እህት ከጀሞ፦
እባክዎ ያገለገለ ስልክ እንዳይገዙ። እኔ «ምንም ያልተነካ ኦርጂናል ነው» ተብዬ አይፎን 11 ገዝቼ፣ ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ሲነካ አልሰማ አለ። ጥገና ቤት ስወስደው ስክሪኑ ቀደም ብሎ የተቀየረ መሆኑ ታወቀ። ወደ ሻጩ ብመለስ «ከእኔ ስትወስጂው ደህና ነበር» አለኝ፤ ደረሰኝ ስላልነበረኝም የምከራከርበት ነገር አጣሁ። ለዚያ ገንዘብ ስንት ጊዜ እንደቆጠብኩ ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

የመገናኛው፦
እህቴ፣ ያሳዝናል። የእኔ ደንበኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አያደርግም።

ሌላ አንባቢ፦
እህታችን የደረሰባትን በማስረጃ ስትነግረን መልሱ «የእኔ ሰው አያደርግም» ከሆነ ለገዢው ምን ፋይዳ አለው? ደንበኛዎ ደረሰኝ ይሰጣል? ዋስትናውን በጽሑፍ ያሰፍራል? ደግሞስ ጠያቂው ስለ ባትሪና ስለ መጠበቅ ጠይቆ ሳለ እስካሁን ስለ ባትሪው የተናገረ ሰው የለም።

ፎቶ አንሺው፦
ፎቶና ቪዲዮ የሚወዱ ከሆነ አይፎን ይግዙ፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወጪ ነው።

የጥገና ባለሙያ፦
ጠያቂያችን ካሜራው ደህና ነው ብለዋልና ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ እየቀነሰ የሚሄድ ነው፤ አፕል ራሱ አይፎን 14ና ከዚያ በፊት የወጡት 500 ያህል ሙሉ ዙር ከሞሉ በኋላ ከመነሻ አቅማቸው 80 በመቶውን እንዲይዙ ሆነው መሠራታቸውን ይገልጻል። የደከመ ባትሪ ያለው ስልክም ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል፤ አፕል ባትሪያቸው የደከመ ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር ይቀንስ እንደነበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አምኗል። የእርስዎ መዘግየት ግን ማከማቻው ከመሙላቱም ሊመጣ ስለሚችል፣ ምንም ከመክፈልዎ በፊት የቴሌግራምን የተጠራቀመ ፋይል አጽድተው ይሞክሩት።

ባትሪ መቀየር ከአዲስ ስልክ ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው፤ ስለዚህ አጎትዎን መጠበቅ የሚቻል ይመስለኛል። ሆኖም ለዓመታት ያቆየኛል ብለው እንዳያስቡ፤ ኤ32 ከአንድሮይድ 13 በላይ አላገኘም፤ የባንክ መተግበሪያዎች ደግሞ ውለው አድረው አሮጌ ሲስተም መቀበል ያቆማሉ። ስልክ ሲመርጡም ከካሜራው ቁጥር አስቀድመው የዝማኔ (አፕዴት) ዕድሜውን ይጠይቁ፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው ጋላክሲ ኤ16 ርካሽ ቢሆንም ሳምሰንግ የ6 ዓመት ዝማኔ ቃል ገብቶለታል።

ለእህታችንና ያገለገለ ለሚገዛ ሁሉ፦ በአይፎን 11ና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ሲገቡ የተቀየረ ስክሪን ወይም ባትሪ ካለ ይጽፋል። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ *#0*# ሲደውሉ የስክሪንና የድምፅ መፈተሻ ይከፈታል። ገንዘብ ሳይከፍሉ እዚያው ሻጩ ፊት ይሞክሩት።

ከሜሪላንድ፦
ከአሜሪካ ስለሚመጣው ስልክ ልጨምር። በቴሌኮም ኩባንያ በኩል በየወሩ ክፍያ የተወሰደ ስልክ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የተቆለፈ ስለሆነ የእኛን ሲም አይቀበልም። አጎትዎ «አንሎክድ» (ያልተቆለፈ) የሚለውን ከአምራቹ ወይም ከትልቅ መደብር ይግዙልዎት። ከዚህም ሌላ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አገር ቤት ከደረሰ በኋላ ነውና፣ አሁኑኑ ደውለው ይንገሯቸው።

የመገናኛው፦
ደንበኛዬ ባትሪም ይቀይራል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሲሙን ጉዳይ ዛሬ ማታ ለአጎቴ እነግራቸዋለሁ። ባትሪውን ባስቀይር ስልኩን ጥገና ቤት አሳድሬ መሄድ ይኖርብኛል? የባንክ መተግበሪያዎቼ በሙሉ እዚያ ላይ ስለሆኑ ያሳስበኛል።

የጥገና ባለሙያ፦
ማሳደር አያስፈልግዎትም። የኤ32 የጀርባ ሽፋን በሙጫ የተለጠፈ በመሆኑ በሙቀት ተላቅቆ ይከፈታል፤ እዚያው ተቀምጠው የሚጠብቁት ሥራ ነው። ፎቶዎንና የስልክ ቁጥሮችዎን አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ ሲም ካርዱን አውጥተው በእጅዎ ይያዙ፣ የመክፈቻ ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ። ባትሪ ለመቀየር የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ የሚጠይቅዎት ካለ ስልክዎን ተቀብለው ወደ ሌላ ጥገና ቤት ይሂዱ።